"ይብቃን" የሚለው ሕዝብ ለምን እንደ አንድ ሰው አይሰማም? ከጎጃም ዕድርና ገበያ ስለሚነሣ እንቅስቃሴ

የኮሶበሩ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጎበዝ። ይህን ክር የከፈትኩት የመንግሥት ሠራዊትና ፋኖ የገጠሙትን የአማራ ክልሉን ጦርነት ማን ጀመረው፣ ማን ትክክል ነው የሚለውን ለመበየን አይደለም። ለዚያ መቶ ክር አለ፤ ገብታችሁ እንደ ልባችሁ ተሰዳደቡ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወፍጮ ቤት ግቡ፣ መናኸሪያ ቁሙ፣ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ፤ የሚወራው "ይብቃን" ነው። ይህን ያህል ሰው አንድ ነገር እያለ እንዴት እንደ አንድ ሰው አይሰማም?

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ሲታወጅ ከክረምቱ አያልፍም ያልን ብዙ ነን። አዋጁ በ2016 ጊዜው አበቃ፤ ጦርነቱ ግን አላበቃም። እኔ አስተማሪ ነኝ። 1ኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ከብት ጠባቂ ሆኗል፣ 8ኛ ክፍል የነበረችው ተድራለች፣ 12ኛ የነበረው ወይ ጫካ ነው፣ ወይ ሚሊሻ ነው፣ ወይ በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ለመግባት መንገድ ላይ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ትምህርት ሳይጠፋ የቀረበት ክፍል አውቃለሁ፤ የሚያጠፋው ተማሪ ስላልመጣ።

ከታች ስለሚነሣ እንቅስቃሴ ነው የማወራው። ወረዳው ጠርቶት፣ አበል ተከፍሎበት፣ ቲሸርትና ኮፍያ ታድሎ፣ አዳራሽ ውስጥ ተጨብጭቦ ስለሚበተነው "የሰላም ኮንፈረንስ" አይደለም። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። (ሻይና ብስኩቱ መጥፎ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።)

ሐሳቤን ልናገርና ለእናንተ ልተው። በጦርነቱ ምክንያት ላይ ተስማምተን ነው አንድ የምንሆነው ካልን እስከ ምጽአት አንሆንም። በምክንያቱ ሳንስማማ፣ በጥቂት ነገር፣ በጣም በጥቂት ነገር ላይ ብቻ አብረን መቆም እንችላለን ወይ?

ጥቁር አፈር፣ ብቸና

መምህር፣ ይህን ስትጽፍ ቁርስህን በልተሃል? እዚህ "ጦርነት ይብቃ" ያለ ሰው ቀን ላይ የጽንፈኛ ተላላኪ ነው፣ ማታ ላይ ባንዳ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ መታሰር ይቻላል። ሰልፍ ምናምን የምትል ከሆነ እኔን አትቁጠረኝ።

የኮሶበሩ

ሰልፍ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። አንተ ነህ ያመጣኸው።

ዓባይ ማዶ፣ ለንደን

ሰልፍ ከተነሣ ላይቀር እኔ ልጨምር። የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ በእኛ የካቲት 8 ቀን 1995፣ ለንደን ውስጥ እግር የሚጣልበት ቦታ አልነበረም። ሮምም፣ ማድሪድም፣ በመቶ በሚቆጠሩ ሌሎች ከተሞችም እንዲሁ፤ በዚያ ዘመን ከታየው ሁሉ የሚበልጥ ፀረ ጦርነት ሰልፍ ነበር። እኔም ብርዱ አጥንቴን እየሰበረኝ ወጥቻለሁ። መጋቢት 11 ቀን ቦምቡ ባግዳድ ላይ ወረደ።

ለምን እንዳላስቆመው ለዓመታት አስቤበታለሁ። ቅዳሜ ዕለት ወጣን፣ ሰኞ ሥራ ገባን። ለጦርነቱ የሚያስፈልገውን አንድም ነገር አልነፈግነውም። ግብራችንን ከፈልን፣ መርከቡ ተጫነ፣ ፋብሪካው ሠራ። መሪዎቹ መስኮት ዘግተው ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠበቁ።

ከዚያ ጋር የማነጻጽረው ሌላ ነገር አለ። ጣሊያን ሊወረን በተዘጋጀበት ዓመት፣ በፈረንጅ 1935፣ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ወደብ ላይ ጥቁር ጫኝና አውራጆች ለጣሊያን ጦር የሚሄደውን ሥጋ አንጭንም አሉ። ኢትዮጵያን አይተዋት አያውቁም። ብዛታቸው ከለንደኑ ሰልፍ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን እጃቸው ያለበትን ሥራ ነው የከለከሉት። እዚሁ እንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክረስት በእኛ ከ1928 ጀምራ በየሳምንቱ ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ታወጣ ነበር፤ ዓለም ሲረሳን አንድ ሴትዮ አልረሳችም። ብዛት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ጦርነቱ ከአንተ የሚፈልገው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው።

እኛ ውጭ ያለነውን ደግሞ ልናገር፣ ብትሰድቡኝም። ጦርነቱ ከእኛ የሚፈልገው ገንዘብና ጩኸት ነው። ሁለቱንም በገፍ እየሰጠን ነው። ልጁን ኮሌጅ አስገብቶ የሰው ልጅ ግፋ በለው የሚል ሞልቷል።

ጥቁር አፈር፣ ብቸና

የመጨረሻዋን በወርቅ ቀለም ጻፍልኝ።

የበርበሬዋ፣ ፍኖተ ሰላም

ልጆቼ፣ እኔ እንደናንተ አልተማርኩም፣ የምጽፍላችሁም ልጄ ስልክ ላይ ነው። በርበሬና ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፣ የሰፈራችን ሴቶች ዕድር ገንዘብ ያዥም ነኝ። መምህሩ ለጠየቀው መልስ አለኝ።

ጎረቤታችን ሁለት ወንድ ልጆች አሏት። ታላቁ ሚሊሻ፣ ታናሹ ጫካ። የታናሹ መርዶ መጣ። ዕድሩ ተሰበሰበና ድንኳን ይተከል አይተከል ተባለ። አንዱ "ነገ የማን ለቅሶ ነው ብለው ይጠይቁናል" ይላል። አንዱ "የታላቅየው ጓደኞች ይመጣሉ፣ ደም ይፈሳል" ይላል። አንዷ ደግሞ "የኔን ልጅ የገደለው ወገን ለቅሶ ላይ ንፍሮ አልቀቅልም" አለች፤ እውነቷን ነው፣ እሷም ሐዘንተኛ ናት። ጸሐፊያችን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። መዝገቡን ወደ መስኮቱ አስጠግተው "ዕድር የሚቀብረው አባሉንና የአባሉን ቤተሰብ ነው። አባሏ እናቲቱ ናት። ወርሃዊዋን ከፍላለች፣ ይኸው ፊርማዋ። ሌላ ምን ትጠይቁኛላችሁ?" አሉ። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ። ታላቅየው መጣ፤ መሣሪያውን ጎረቤት ቤት አስቀምጦ ገባና ከአባቱ ጎን ቁጭ አለ። ያቺ ንፍሮ አልቀቅልም ያለችውም ሠልስት ሳይወጣ ውኃ ተሸክማ መጣች። የመጣችው ታርቃ እንዳይመስላችሁ፣ የዕድሩ ተራ ስለደረሳት ነው።

እና መምህር፣ ሌላ ማኅበር አታቋቁም። ሁለቱም ወገን የሚፈራውና የሚያከብረው አንድ ነገር አለ፤ ሬሳውን የሚያነሣለትን ሰው። ያ ደግሞ እኛ ጋ ነው።

የሞጣው፣ አዲስ አበባ

እትዬ፣ እጅ እነሣለሁ። የርስዎን ካነበብኩ በኋላ የኔ የመጽሐፍ ወሬ ሊመስል ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። ጎጃም ውስጥ ከታች የሚነሣ እንቅስቃሴ አዲስ ነገር አይደለም፣ የት እንደሚበላሽ ደግሞ ከታሪካችን ማየት ይቻላል።

በአምስቱ ዓመት ጣሊያን በ1928 ደብረ ማርቆስ ሲገባ አገሩ በአንድ ጊዜ ሆ ብሎ አልተነሣም። ትልቁ መነሣሣት የመጣው ቆይቶ ነው፤ መሣሪያ አስረክቡ እያለ በየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ በግንቦት 1929 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መጨፍጨፍ ዓባይን ተሻግሮ ሲሰማ። በ1930 ለጣሊያን የቀረለት ምሽጉና ከተማው ነበር፤ ገጠሩ የባላገሩ ሆነ። በብቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በሌላው በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው። በደብረ ማርቆስ ደግሞ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጣሊያን ጋር። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የማይወራው የአርበኞቹ መቃቃር ነው። መንገሻና ነጋሽ አንዱ የሌላውን ጥላ አይወድም ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1932 ክረምት በሱዳን በኩል ሲገባ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ እነዚህን ሁለቱን ማስማማት ነበር። አስቡት፣ አንድ ጠላት ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ የሚያስታርቅ ከባሕር ማዶ መጣ። ለምን? እያንዳንዱ የራሱ አገር፣ የራሱ ተከታይ፣ የራሱ የነገ ሹመት ስሌት ነበረው። አንድነት ከላይ፣ በአለቆች መካከል ሲፈለግ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከታች ግን አንድነት ነበረ፣ ስምም ነበረው፦ የውስጥ አርበኛ። ጠጅ ሻጯ ወሬ ታቀብላለች፣ ለጣሊያን የሚጽፈው ጸሐፊ የይለፍ ወረቀት ይሰርቃል፣ ቄሱ መልእክት ያደርሳል፣ ገበያተኛው ጥይት በእህል ውስጥ ያሳልፋል። ስንቁ፣ መረጃው፣ ቁስለኛ መደበቂያው ሁሉ ከዚያ ነው። እነዚህ ሰዎች የማን አርበኛ ይበልጣል ብለው አልተጣሉም።

ታዲያ ድሉ ሲመጣ ምን ሆነ? ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ፣ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ሹመቱ ተደለደለ። ባላገሩን ስለ ሰላሙ የጠየቀው የለም። በላይ ዘለቀ ራሱ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ያ ሁሉ የጓዳ መረብ ለጦርነቱ እንጂ ለሰላሙ አልተደራጀም ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ አብሮ ተበተነ። እኔ ትልቁ ጉድለት እሱ ነው ባይ ነኝ።

ሁለተኛው 1960 ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት "ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ሊጣልብን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው" ብሎ ገማቾቹን አላስገባ አለ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያንን እንቅስቃሴ የመራው ፓርቲ የለም። ባላገሩ የተገናኘው በአጥቢያው፣ በርስት ዘመዱ፣ በገበያው ነው። ጥያቄው ደግሞ አንድ ነበር፤ ማንም እረኛ የሚገባው።

ባላገሩ

አንድ ነገር ብቻ፦ በዚህ ክር ላይ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ የሚጽፍ የመጀመሪያው ሰው ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ ቅጣት ይጣልበት። ዋጋውን እያያችሁ።

ነበልባል

እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ሁሉ የተዋበ ወሬ ወራሪንና ተወራሪን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጫ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 መራዊ ላይ ሰው ከየቤቱ እየወጣ ተረሽኗል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ነው በመንግሥት የፀጥታ ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን ያሳወቀው። ለነዚያ ቤተሰቦች ሄዳችሁ "ምክንያቱን እንተወው፣ በጥቂት ነገር እንስማማ" በሏቸው እስቲ። የሞጣው፣ አንተው ነህ አርበኞችን ያነሣኸው፤ አያትህ በ1928 "ጦርነት ይብቃ" ብለው ነበር? በሠራዊት ተይዘህ ስለ ሰላም መስበክ መያዙን መውደድ ነው።

አስተባባሪ

ሁለት አስተያየት አንሥቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጸሐፊዎቹ ያውቁታል። የሰው ስም፣ የሰፈር ስም፣ ማን የት ታየ፣ ማን ወዴት ሄደ የሚል ነገር አትጻፉ። ሌላውን ተከራከሩ።

የኮሶበሩ

ነበልባል፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ መራዊን ማንም እንዲረሳ አልጠየቅኩም። ነገር ግን ሁለት ነገር አትቀላቅልብኝ። ማን አጠፋ የሚለውን የሚበይን ፍርድ ቤት ያስፈልጋል፣ መርማሪም ያስፈልጋል፣ መዝገቡም መያዝ አለበት። እኔ የማወራው እስከዚያ ድረስ በሕይወት ስለሚቆይ ሰው ነው። መራዊ ላይ ልጇን የቀበረች እናት ፍትሕ ትፈልጋለች፤ የቀረው ልጇ በጅምላ እንዳይታፈስ፣ በምርኮ እንዳይረሸን፣ በድሮን እንዳይመታም ትፈልጋለች። ሁለተኛውን ለማግኘት የመጀመሪያውን መተው የለባትም።

ስለ አርበኞች ያልከው፣ በጣሊያን ጊዜ የሚወረው ባዕድ ነበር፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ። ዛሬ የበርበሬዋ እትዬ የነገሩን ድንኳን ውስጥ ታላቅና ታናሽ ናቸው። አንተ ወረራ ነው ትላለህ፣ ሌላው ሕግ ማስከበር ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ የራሴ አቋም አለኝ፣ እዚህ አልጽፈውም። በዚህ ቃል ላይ እስክንስማማ ልጆቹ ያልቃሉ።

ነበልባል

አቋምህን የማትጽፈው ፈርተህ ነው።

የኮሶበሩ

አዎ። አንተስ ስምህ በእውነት ነበልባል ነው?

ስንቅ፣ ባሕር ዳር

😄 መምህር አንድ፣ ነበልባል ዜሮ።

ቁም ነገሩን ልቀጥል። ሥራዬ ከዚህ ጋር ስለሚገናኝ የሁለት አገር ልምድ ላምጣ፤ ሁለቱም አፍሪካ ናቸው፣ ሁለቱም የተጀመሩት በተራ ሴቶች ነው ማለት ይቻላል።

ዋጂር ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ነው፣ ሱማሌዎች የሚኖሩበት። በፈረንጅ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ከብቱን ፈጅቶ፣ በጎሣዎች መካከል ጦርነት ተነሣ። ገበያው ራሱ ተከፈለ፤ የአንዱ ጎሣ ሴት ከሌላው ጎሣ ሴት ወተት መግዛት ነውር ሆነ። ጥቂት ሴቶች፣ ከነሱም አንዷ ዴካ ኢብራሂም አብዲ፣ ተሰበሰቡና አንዲት ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ገበያው ላይ ማንም ሴት ከማንም ትገዛለች፣ ለማንም ትሸጣለች። ስለ ግጦሽ መሬቱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ማን ጀመረው አልተነጋገሩም። ገበያውን በዓይናቸው ይጠብቁ ነበር፤ ችግር ሲነሣ እዚያው ይሸመግላሉ። እሱ ሲሠራ ነው ወደ ሽማግሌዎቹ የሄዱት። ከትልቁ ጎሣ ሳይሆን ከትንሿ ጎሣ የሆነ ሽማግሌ እንዲያናግራቸው አደረጉ፣ ሌሎቹ እንዳይፈሩት። በፈረንጅ 1993 የአል ፋታህ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወጣቶቹ ገቡ፣ በመጨረሻ መንግሥት ራሱ ኮሚቴውን ተቀበለው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፣ መንግሥት የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ላይቤሪያ ደግሞ በፈረንጅ 2003፣ ማለትም ያ የለንደኑ ሰልፍ በተደረገበት ዓመት። ሞንሮቪያ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው ዓሣ ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ዝናብ ቢሆን ፀሐይ፣ በየቀኑ። ጥያቄያቸው ፕሬዚዳንቱ ቴይለር ይውረድ አልነበረም፣ አማፂው ይሸነፍ አልነበረም፤ ሁለታችሁም ተደራደሩ የሚል ነበር። ድርድሩ ጋና አክራ ላይ ሲጀመር እዚያም ተከተሏቸው። ተደራዳሪዎቹ በሆቴል እየተንፈላሰሱ ሳምንት ሲቆጥሩ፣ የሴቶቹ መሪ ሌማ ግቦዊና ጓደኞቿ የአዳራሹን በር ላይ ተቀምጠው ዘጉባቸው፤ ሳትስማሙ አትወጡም። ጠባቂዎች ሊያሥሯት ሲመጡ ልብሴን አወልቃለሁ አለች። እናት የምታህል ሴት ራቁቷን ማየት እዚያ እርግማን ነው። እዚህስ ያው አይደል? በነሐሴ ሰላሙ ተፈረመ። ሌማ በፈረንጅ 2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተሸለሙት አንዷ ሆነች።

እንዳትሳሳቱ፣ ሴቶቹ ብቻቸውን አላስቆሙትም። የምዕራብ አፍሪካ ጦር ነበረ፣ የአማፂው ግፊት ነበረ፣ ቴይለር ላይ የፍርድ ቤት ክስ ነበረ። ነገር ግን ድርድሩ እንዳይበተን ያደረገው ያ በር ላይ መቀመጥ ነው።

ዓባይ ማዶ፣ ለንደን

ለንደን አንድ ቀን ተወጣ፣ ሞንሮቪያ በየቀኑ ተቀመጡ። ልዩነቱ ይኸው።

የዲማው

ከቤተ ክርስቲያን ወገን የሚጽፍ ስላላየሁ ልግባ። ሁሉም ሰው "ሽማግሌዎቹና አባቶች ያስታርቁ" ይላል። የደም ሽምግልና እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ገዳዩ ይታወቃል። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የሟች ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ደግመው ይሄዳሉ፣ መስቀል ይያዛል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ደሙ ደረቀ ይባላል። ይህ ሁሉ የቆመው ገዳይም ሟችም የአባት ቤት ስላላቸው ነው።

ከሰማይ የሚመታው ድሮን ግን የአባት ቤት የለውም። ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ወታደርም እዚህ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የለውም። ሌሊት ፊቱን ሸፍኖ በር የሚያንኳኳውም እንዲሁ። ስለዚህ ሽምግልና ይጠቅማል፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል፣ በሚሊሻና በጫካ ወንድም መካከል ነው የሚጠቅመው። ከዚያ በላይ ያለውን አዛዥ ነው መጠየቅ ያለበት፤ አዛዡ ደግሞ የሚሰማው አገሩ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቀው ነው። አባቶችን ለብቻቸው አትላኳቸው። ብዙዎቹ ከሁለቱም ወገን ዛቻ ደርሶባቸዋል። ካህኑ ከፊት ሆኖ ሕዝቡ ከኋላ ቤቱ ከተቀመጠ፣ ያንን ካህን ሸኛችሁት ማለት ነው።

የበርበሬዋ፣ ፍኖተ ሰላም

አባቴ ይባርኩን። ልክ ነው ያሉት።

ያ የኬንያው ወሬ ደግሞ ሆዴን በላው። ገበያው እኛም ጋ ተከፍሏል፣ በጎሣ ሳይሆን በኬላ። በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ ሾፌር አንዱ ኬላ ላይ ይከፍላል፣ ሌላው ኬላ ላይ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ያለውም የሌለውም አለ። ሾፌሩ ከኪሱ አይከፍልም፤ ከኔ ይቆርጣል፣ እኔ ከገበሬው እቆርጣለሁ፣ ገበሬው ከማን ይቁረጥ? እዚያ አዲስ አበባ ያለችው ሴትዮ ደግሞ በርበሬ ተወደደ ብላ ታማርራለች። ጦርነቱ የሚበላው ከዚህ ነው፤ ጥይቱ በበርበሬ ነው የሚገዛው።

ጥቁር አፈር፣ ብቸና

እሺ፣ እኔ ተጠራጣሪው ልጠይቅ። ዕድሩ ተስማማ፣ ገበያው ተስማማ እንበል። ምን ብለው ነው የሚጠይቁት? "ሰላም" ካላችሁ ሁለቱም ወገን "እኛም ሰላም ነው የምንፈልገው" ብሎ ያጨበጭብላችኋል።

የኮሶበሩ

ለዚህ ነው ጥቂት ነገር ያልኩት። ጥቂት ሲሆን ማምለጫ የለውም። አንደኛ፣ የታጠቀ ሰው፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ውስጥ አይግባ። ሁለተኛ፣ አምቡላንስና ማዳበሪያ የጫነ መኪና ማንም አያቁም። ሰኔ አይጠብቅም፤ ማዳበሪያው ነሐሴ ቢደርስ ለቀጣይ ዓመት ነው። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ወገን በሕዝብ ፊት ለድርድር ይቀመጥ። አለቀ።

ነበልባል

ትምህርት ቤት ይከፈት የምትሉት ሠራዊቱ ካምፕ እንዲያደርገው ነው? ሰምተናል እኮ፣ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ ወንበሩን አንድደው።

የኮሶበሩ

"ይከፈት" አላልኩም፤ "መሣሪያ አይግባበት" ነው ያልኩት። ሠራዊቱንም ነው፣ ያንተን ወገንም ነው። አስተማሪን "ለምን ከፈትክ" ብሎ የሚገርፈውም በዚሁ ውስጥ ነው። በዚህ ትስማማለህ?

ነበልባል

በመጀመሪያው እስማማለሁ። በሦስተኛው አልስማማም፤ ድርድር የሚባለው ምን እንደሚሆን አይተናል።

የሞጣው፣ አዲስ አበባ

ጎበዝ፣ ይህን ልብ በሉ። ነበልባል በአንዱ ተስማማ። እንግዲህ በአንዱ ይጀመር። ዋጂሮች በወተት አይደል የጀመሩት።

እኔ የምጨምረው አንድ ጥንቃቄ ነው። እንቅስቃሴው ሊቀመንበር አይኑረው። የ1960ውን ገበሬ ለመያዝ የከበደው ራስ ስላልነበረው ነው። ሊቀመንበር ካለ ወይ ይታሠራል፣ ወይ ይገዛል፣ ወይ አዲስ አበባ ቢሮ ይከራያል። ገንዘብም ከውጭ አይምጣ፣ ዓባይ ማዶ አይከፋብኝ።

ዓባይ ማዶ፣ ለንደን

አልከፋም። ከእኛ የሚጠበቀው ለግራና ቀኝ ጦር የሚሄደውን ገንዘብ ማቆም ነው። እዚህ ያለ ማኅበራችን ውስጥ አንሥቼዋለሁ፣ ግማሹ ስብሰባ ረግጦ ወጣ። ግማሹ ግን ቀረ።

የዲማው

ጽሑፍ ይሁን በቃል? ጽሑፍ ከሆነ ማን ይፈርማል? የመጀመሪያው ፈራሚ የመጀመሪያው ተጠሪ ነው።

የበርበሬዋ፣ ፍኖተ ሰላም

ፊርማ የለም። ወረቀት የለም። ዕድር ወርሃዊ ሲሰበሰብ ጸሐፊው ሒሳብ ያነባል፤ ሒሳቡ ሲያልቅ "ትምህርት ቤታችን ውስጥ መሣሪያ የያዘ አይግባብን፣ ማንም ይሁን" ይበል። እጅ ይውጣ። በቃለ ጉባኤ ሳይሆን በሕዝብ ይታወቅ። ከዚያ ከሚሊሻውም ከጫካውም ዘመድ ያለው ሁሉ ለዘመዱ ይንገር፤ ዘመድ የሌለው የለም። ሁሉም ሰፈር ያንኑ ካለ ማንን ያሥራሉ? ጡሩምባ ነፊውን?

ጥቁር አፈር፣ ብቸና

ጡሩምባ ነፊውንም አይምሩትም፣ እትዬ፣ አያውቋቸውም እንጂ። ግን ይህ ይሻላል። በአንድ ቀን መሆን አለበት ወይ?

ስንቅ፣ ባሕር ዳር

በአንድ ቀን ቢሆን ቅንብር ነው ይባላል። እያንዳንዱ ሰፈር በራሱ ቀን ቢያደርገው ይሻላል።

ጥቁር አፈር፣ ብቸና

የኛ ዕድር ወር በገባ በ12 ነው የሚሰበሰበው።

የኮሶበሩ

የኛ በ21። የወንዶቹ ግን ባለፈው ወር አልተሰበሰቡም፣ ጸሐፊው ስለተሰደደ መዝገቡ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እሱን ላጣራ።

የበርበሬዋ፣ ፍኖተ ሰላም

የሴቶቹን ጠይቅ። ወርሃዊ ሲሰበሰብ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ እነሱ በቃላቸው ያውቁታል።